የማሽላ ጠባቂው “ጥይት”፦ ጠጠር፣ ጭቃ ወይስ ባሩድ?

በራያ ቆላ ማሽላ ወተት መያዝ ሲጀምር የአርሶ አደሩ ዐይን ከመሬት ወደ ሰማይ ይዞራል። እስከዚያ ድረስ የሚያሳስበው የዝናቡ መዘግየት፣ ጎርፉ፣ አቀንጭራውና ተምቹ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የሚጠበቀው ጠላት ክንፍ ያለው ነው። በማሳው መካከል ማማ ይተከላል፤ ወንጭፍ ይገመዳል፤ ከቤተሰቡ አንዱ ጎሕ ሳይቀድ ማማው ላይ ይወጣል። በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት የሚሠራው ሥራ የዓመቱን ልፋት ወደ ጎተራ ያስገባዋል፤ ወይም ለወፍ ይተወዋል።

ስለ ወፍ ጥበቃ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ጠባቂው ትጋት ነው። ከትጋቱ እኩል መታየት ያለበት ሌላ ጉዳይም አለ። እሱም ወንጭፉ ውስጥ የሚገባው ነገር ነው። ያገኙትን ጠጠር መወርወር፣ ከአንድ ዓይነት ጭቃ የተድበለበለ ደረቅ ድቡልቡል መወርወርና ጠመንጃ መተኮስ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ውጤታቸውም የተለያየ ነው። አንዱ እህሉን ያድናል፣ አንዱ እህሉን ያረግፋል፣ አንዱ ደግሞ ሰው ሊያጠፋ ይችላል።

የሜዳው እህልና እንግዳው

ቆቦ ከወልድያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ አላማጣና ወደ መቀሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ ደግሞ የደጋው ተዳፋት የሚያዋስኗት ሰፊ ሜዳ ለዘመናት የማሽላ ሀገር ሆኖ ኖሯል። እንደ ጎሊናና ሆርማት ያሉ ወንዞች ከደጋው ጠርገው የሚያወርዱት ደለል መሬቱን አለስልሶታል። ማሽላ ለራያ ቆቦ አርሶ አደር እንጀራው፣ ቂጣውና ጠላው ነው። አገዳው የከብት ቀለብ፣ ማገዶና የቤት መሥሪያ ይሆናል። ስለዚህ ማሽላ ተጎዳ ማለት ሰውም ከብትም ተጎዳ ማለት ነው።

ይህን እህል ከሚያጠቁት ወፎች ሁሉ የሚከፋው ግሪሳ ነው። ግሪሳ ቀይ መንቁር ያላት ትንሽ ወፍ ስትሆን ክብደቷ 20 ግራም እንኳ ላይሞላ ይችላል። በአፍሪካ ብቻ የምትኖር ብትሆንም በዓለም ላይ ካሉት የዱር ወፎች በቁጥር የሚስተካከላት እንደሌለ ይገመታል። አንዲት ግሪሳ በቀን 10 ግራም ያህል እህል ትበላለች። ይህ ሲሰሙት ትንሽ ነው፤ ሲያባዙት ግን ያስደነግጣል። 1 ሺህ ወፍ በቀን 10 ኪሎ፣ በ10 ቀን አንድ ኩንታል ይጨርሳል። የአንድ ሚሊዮን ወፍ መንጋ ደግሞ በአንድ ቀን ብቻ 100 ኩንታል ይበላል። መንጋው ባረፈበት የሚያረግፈው ፍሬ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገባም።

ግሪሳ የምትመገብበት ሰዓት የታወቀ ነው። ጎሕ ሲቀድ ትነሣለች፤ እስከ ረፋድ ትበላለች። ፀሐይ ሲበረታ ውኃ አጠገብ ባለ ጥላ ታርፋለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተመልሳ እስከ ምሽት ትመገባለች። ማታ በእሾሃማ የግራር ዛፎች ወይም በፊላ ውስጥ ተሰባስባ ታድራለች። ማሽላውን አብልጣ የምትወደው ፍሬው ወተት ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ እስኪጠነክር ድረስ ነው። ይህ እንደ ዝርያውና እንደ አየሩ ወር አካባቢ ይፈጃል። ጥበቃው የሚጠይቀው ትዕግሥትም ይህንኑ ያህል ነው።

ጠጠር ለምን አይመረጥም?

የራያ ሜዳ ደለል ስለሆነ በማሳው ውስጥ ድንጋይ እንደልብ አይገኝም። ስለዚህ ጠባቂዎች ከወንዝ ዳር ጠጠር እየለቀሙ በከረጢት ወደ ማማው ይወስዳሉ። ጠጠር ይርቃል፣ ይጮኻል፣ ዋጋም አይጠይቅም። ችግሩ ከተወረወረ በኋላ ነው።

አንደኛ፣ የማሽላውን ራስ የመታ ጠጠር ፍሬውን ያረግፋል፤ አገዳውንም ሊሰብር ይችላል። ወፍን ለማባረር የተወረወረው ወፏ ከምትበላው በላይ ሊያጠፋ ይችላል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ጠጠሩ በማሳው ውስጥ ይቀራል። በየቀኑ ብዙ ጠጠር የሚወረወርበት ማሳ በወሩ መጨረሻ ጠጠር ይዘራበታል። በአጨዳ ጊዜ ማጭድ ያደንዛል፤ በእርሻ ጊዜ ማረሻ ይመታል፤ አንዳንዱም ከእህሉ ጋር አውድማ ደርሶ ወፍጮ ቤት ይገባል። ሦስተኛ፣ የሚለቀመው ጠጠር አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ጠፍጣፋ፣ አንዱ ሹል ነው። በአንድ ጉልበት ቢወረወሩ አንዱ ከመንጋው በላይ ያልፋል፣ ሌላው ከማማው ሥር ይወድቃል፣ ጠፍጣፋው ደግሞ ወደ ጎን ይጠማዘዛል። አራተኛ፣ የጎበዝ ወንጭፍ ከ100 ሜትር በላይ ይወረውራል። በዚያ ርቀት በረጅሙ ማሽላ ውስጥ የሚያርም፣ ከብት የሚነዳ ወይም በመንገድ የሚያልፍ ሰው ላይታይ ይችላል።

የጭቃ ድቡልቡል አሠራር

ከጠጠር ይልቅ የሚመረጠው ደርቆ የጠነከረ የጭቃ ድቡልቡል ነው። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። በዛሬዋ ሶርያ፣ ሃሙካር በተባለ ጥንታዊ ሥፍራ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3500 ዓመት አካባቢ የተሠሩ ከ1 ሺህ በላይ የጭቃ የወንጭፍ ድቡልቡሎች በቁፋሮ ተገኝተዋል። ጥንታውያን ግሪኮችና ሮማውያን ደግሞ ለወንጭፍ የሚሆን እርሳስ በቅርጽ እያፈሰሱ አንድ መጠን ያለው “ጥይት” ይሠሩ ነበር። በዳዊትና በጎልያድ ታሪክም ዳዊት ከወንዝ የመረጠው ማናቸውንም ድንጋይ ሳይሆን አምስት ልስልስ ድንጋዮችን እንደሆነ ይታወቃል። ወንጭፍ የያዘ ሁሉ የሚወረውረውን ይመርጣል።

ሥራው ከባድ አይደለም። ጥቁር ዋልካ አፈር ከጠጠርና ከሥር ተለይቶ ይለቀማል፤ ውኃ ተጨምሮበት እንደ ሊጥ ይታሻል። ዋልካ ብቻውን ሲደርቅ ስለሚሰነጣጠቅ ጥቂት ደቃቅ የወንዝ አሸዋ ይጨመርበታል። ጭድ ግን አይጨመርም፤ ጭድ ያለበት ጭቃ እንደ ግድግዳ ምርጊት ስለሚያያዝ መሬት ሲመታ አይፈረካከስም። ከዚያ በዶሮ እንቁላል ልክ እየተቆረሰ በመዳፍ ይድበለበላል። በፀሐይ ቢሰጣ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ከዝናብ በተከለለ ጥላ ሥር ተዘርግቶና እየተገላበጠ ለጥቂት ቀናት ይደርቃል። በእሳት አይጠበስም። የተጠበሰ ሸክላ ይሆናል፤ ሸክላ ደግሞ ከጠጠር አይሻልም።

በዚህ መጠን የተሠራ ደረቅ ድቡልቡል ወደ 80 ግራም ይመዝናል። ተመሳሳይ መጠን ያለው የወንዝ ጠጠር ግን ወደ 120 ግራም ይደርሳል። ስለዚህ ጭቃው ክንድ አያደክምም፤ የማሽላውን ራስ ቢመታ እንኳ ጉዳቱ ያነሰ ነው። መሬት ሲነካ ፈርሶ አፈር ይሆናል፤ ማረሻም ማጭድም አያገኘውም። ሲፈረካከስ በቅጠሉ ላይ የሚረጨው ብናኝ የሚያሰማው ድምፅም ወፎቹን ያስነሣል።

ዋናው ቁም ነገር እኩልነቱ ነው። ድቡልቡሎቹ በመጠንና በክብደት አንድ ከሆኑ ክንድ አንድን ርቀት ይለምዳል። የትኛው ውርወራ የት እንደሚወድቅ ጠባቂው ያውቃል። ሲመርጥም ቀላል መመዘኛ አለ፦ የተሰነጠቀ፣ የተንጋደደና ከሌሎቹ በግልጽ የከበደ ወይም የቀለለ ወደ ጎን ይቀመጣል።

ብዛቱም የሚያስፈራ አይደለም። አንድ ጠባቂ በቀን 60 ቢወረውር በ30 ቀን 1 ሺህ 800 ይሆናል። ይህ ሁሉ ተደምሮ አንድ ኩንታል ተኩል የማይሞላ ደረቅ ጭቃ ነው። ቤተሰቡ በጥቂት ቀናት ሊያዘጋጀው ይችላል። በዚያ ላይ ወንጭፉ ባዶውን ሲጮኽም ወፍ ያስነሣልና ድቡልቡሉ ለሚያስፈልግበት ሰዓት ይቆጠባል።

መቼና ወዴት ይወረወራል?

ወፍ ካረፈ በኋላ መወርወር ዘግይቶ መድረስ ነው። መንጋው ማሽላው ውስጥ ከገባ ይሸሸጋል፤ ጠባቂውም ወደ ራሱ እህል ለመወርወር ይገደዳል። ስለዚህ መንጋው ገና በአየር ላይ እያለ፣ ወደ ማሳው ሲያዘቀዝቅ፣ ከፊቱ አስቀድሞ መወርወር ይሻላል። ድቡልቡሉ ከመንጋው ፊት ሲያልፍ ወፎቹ አቅጣጫ ይቀይራሉ። የሚወድቀውም በማሳው ዳር ወይም በድንበሩ ላይ እንዲሆን ይታሰባል።

ወፍ ይለምዳል። ሁልጊዜ ከአንድ ማማ፣ በአንድ ዓይነት ድምፅ የሚጠበቅ ማሳ ከቀናት በኋላ አያስፈራትም። ስለዚህ ወንጭፉን ከጅራፍ፣ ከቆርቆሮ ድምፅና በነፋስ ከሚርገበገብ ክር ጋር እያቀያየሩ መጠቀም ያስፈልጋል። ማማውም ሰዎች ከሚያልፉበት መንገድና ከጎረቤት ማማ ትይዩ መሆን የለበትም። እያንዳንዱ ጠባቂ ወዴት እንደሚወረውርና ወዴት እንደማይወረውር ከጎረቤቱ ጋር አስቀድሞ ይስማማል።

ጠመንጃውስ?

መንጋ ሲበዛ፣ ዝንጀሮና ከርከሮም ሲጨመርበት፣ ጠመንጃ ያለው ሰው መተኮስ ያምረዋል። ነገር ግን ሒሳቡ አይገጥምም። አንድ ጥይት ቢበዛ አንዲት ወይም ሁለት ወፍ ይጥላል፤ የቀረው መንጋ ተነሥቶ በጎረቤት ማሳ ያርፋል። በአፄ ምኒልክ ዘመን ጥይት በገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል እንደነበር ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ዛሬም ቢሆን ጥይት በወፍ ላይ መተኮስ ገንዘብ ወደ ሰማይ እንደ መወርወር ነው።

ከዋጋው በላይ የሚያስፈራው አደጋው ነው። ወደ ላይ የተተኮሰ የክላሽ ጥይት ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዶ ሊወድቅ ይችላል። በራያ ሜዳ ሁለት ኪሎ ሜትር ማለት ሌላ ጎጥ፣ ሌላ ማማ፣ ሌላ ጠባቂ ማለት ነው። ቀለህን መልሶ በባሩድ መሙላት ደግሞ የባሰ ነው። ባሩዱ ከልኩ ካለፈ ወይም ዓይነቱ ከመሣሪያው ጋር ካልተስማማ ጠመንጃው በተኳሹ ፊት ሊፈነዳ ይችላል።

በሌላው ዓለም፣ ለምሳሌ በአሜሪካ፣ ሰብልና ግጦሽ የሚያበላሹ ትናንሽ እንስሳትን የሚያድኑ ሰዎች ጥይታቸውን ራሳቸው የሚሞሉበት ልማድ አለ። ይህን የሚያደርጉት ለሥራው በተሠሩ መሣሪያዎች ነው፤ ባሩዱን በሚዛን እየለኩ እያንዳንዱን ጥይት ከሌላው ጋር እኩል ያደርጋሉ። የሚመርጡት እርሳስም ቀላልና ስስ ልባስ ያለው ነው፤ የነካውን ሲመታ ስለሚበታተን ነጥሮ ወደ ሰው ወይም ወደ ከብት የመሄድ ዕድሉ ያነሰ ነው። ከዚህ ልማድ የራያ አርሶ አደር የሚወስደው ጠመንጃውን ሳይሆን ሁለቱን መርሖች ነው፦ የሚወረወረው እርስ በርሱ እኩል ይሁን፤ ከመታ በኋላም ይበታተን። በጥላ የደረቀው የጭቃ ድቡልቡል ሁለቱንም ያለ ባሩድ ያሟላል።

ሕጉም ግልጽ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ የሚያዝበትን ፈቃድ ይደነግጋል፤ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ደግሞ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ዝንጀሮ ወይም ሌላ አውሬ ሰብል እያጠፋ ካስቸገረ ጉዳዩን በቀበሌ በኩል ለወረዳው ማቅረብ ይገባል። ሌሊት ለሚመጡት ጃርትና ከርከሮ ደግሞ የእሾህ አጥር፣ እሳት፣ ውሻና በተራ የሚደረግ ጥበቃ ይሻላል።

ከመሬት የሚለቀመው ሁሉ ጠጠር አይደለም

የራያ ቆቦ አርሶ አደር በአጭር ጊዜ ውስጥ ብዙ መከራ አይቷል። በ2013 ዓ.ም መጀመሪያ የበረሃ አንበጣ መንጋ የደረሰ ማሽላ ላይ ወረደ። በዚያው ዓመት ክረምት ጦርነቱ ቆቦ ደረሰ፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም እንደገና ተመለሰ። ጦርነት ባለፈበት መሬት ያልፈነዳ ተተኳሽ፣ የእጅ ቦምብና ጥይት በጉድጓድ፣ በቁጥቋጦና በጎርፍ መውረጃ ሊቀር ይችላል። ጎርፍ ደግሞ ከነበረበት አንሥቶ ሌላ ቦታ ያደርሰዋል።

የወንጭፍ ጠጠር የሚለቀመው ከዚሁ ከጎርፍ መውረጃና ከወንዝ ዳር ነው። የሚለቅሙትም ብዙ ጊዜ ልጆች ናቸው። ለዚህ ነው የጭቃ ድቡልቡል ጥቅሙ ከእህል የሚያልፈው። በቤት አጠገብ፣ ከታወቀ አፈር፣ በወላጅ ዐይን ሥር የሚሠራ ነገር ልጁን ከጠጠር ለቀማ ያድነዋል። የማይታወቅ ብረት ያየ ሰው አይነካውም፤ አይወረውረውም፤ ድንጋይም አይጥልበትም። ባለበት ትቶት በመጣበት መንገድ ይመለሳል፤ ቦታውን ለቀበሌው ወይም ለፖሊስ ያስታውቃል።

የልጆች ሰዓትና የወረዳው ድርሻ

ወፍ ጥበቃ በልማድ የልጆች ሥራ ተደርጎ ይታያል። ማሽላ ወተት የሚይዝበት ጊዜ ደግሞ ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ጊዜ ነው። አንድ ልጅ በዓመቱ መጀመሪያ አንድ ወር ከቀረ የቀረውን ለመያዝ ይቸገራል። መውጫው የግሪሳን ሰዓት መከተል ነው። ከጎሕ እስከ ረፋድ ያለው ጥበቃ የአዋቂ ይሁን፤ በቀትር ወፏ ስታርፍ ጠባቂውም ያርፋል፤ ከ9 ሰዓት በኋላ ያለው ደግሞ ከትምህርት በተመለሱ ትልልቅ ልጆችና በአዋቂ በተራ ሊያዝ ይችላል። አጎራባች ማሳ ያላቸው አምስትና ስድስት አባወራዎች ተራ ቢገቡ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ቀን ጥቂት ነው።

ተራ መግባት የሚጠቅመው ማሽላው በአንድ ጊዜ ከደረሰ ነው። በሜዳው ከሚታወቁት የአካባቢ ዝርያዎች መካከል ደገሌትና ጅጉርቲ ቀድመው ተዘርተው ዘግይተው የሚደርሱ ናቸው። እንደ ጎብዬና አብሽር ያሉት የተሻሻሉ ዝርያዎች ደግሞ አቀንጭራን የሚቋቋሙና ፈጥነው የሚደርሱ ናቸው። ፈጥኖ መድረስ ዝናብ ቀድሞ ለሚያቆምበት ቆላ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን በአካባቢው ብቻውን ቀድሞ ወተት የያዘ ማሳ የወፍ ሁሉ ማረፊያ ይሆናል። ስለዚህ ፈጥኖ የሚደርስ ዝርያ የሚዘራ አርሶ አደር ከጎረቤቶቹ ጋር በኩታ ገጠም ቢዘራ ጉዳቱ ለብዙ ማሳ ይከፋፈላል፤ ጥበቃውም ይጋራል። ቀይና ቡናማ ፍሬ ያላቸው መራራ ማሽላዎችን ወፍ ብዙም እንደማይደፍራቸው ይታወቃል፤ ይሁንና እንጀራቸው እንደ ነጩ አይወደድም። ምርጫው የቤተሰቡ ነው።

ወንጭፍ የሚችለው ልክ አለው። መንጋው በመቶ ሺህዎች ሲቆጠር ጉዳዩ ከአንድ ማሳ ያልፋል። በዚህ ጊዜ ወፎቹ በሚያድሩበት ቦታ ላይ ማታ በአውሮፕላን ፌንቲዮን የተባለ ኬሚካል ይረጫል። ኢትዮጵያም በ1962 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት አባል ናት፤ ድርጅቱ ከአንበጣ በተጨማሪ ግሪሳንም ይከላከላል። ኬሚካሉ ግን ግሪሳን ብቻ አይለይም፤ አይጥና አንበጣ የሚበሉ አሞራዎችን፣ ንብንና ውኃ ውስጥ ያለ ፍጥረትን ይጎዳል። ስለዚህ የመጨረሻ አማራጭ ነው። በሚረጭበት ጊዜ ሰውና ከብት ከቦታው መራቅ፣ ቀፎ መሸፈን ወይም ማንሣት፣ የሞተ ወፍ ለቅሞ አለመብላትና ለውሻ አለመስጠት ግዴታ ነው።

ርጭቱ ውጤት የሚኖረው የማደሪያው ቦታ በትክክል ከታወቀ ብቻ ነው። ያንን የሚያውቀው በየምሽቱ መንጋው ወዴት እንደሚበር ከማማው ላይ ሆኖ የሚያየው ጠባቂ ነው። የግብርና ባለሙያው ከጠባቂዎች መረጃውን በዚያው ምሽት የሚቀበልበት መንገድ ከሌለ መንጋው ማደሪያውን ለውጦ ይገኛል። ስለዚህ የቀበሌ አመራርና የልማት ሠራተኞች ማሽላው ወተት ከመያዙ በፊት ሦስት ነገሮችን ቢያጠናቅቁ ይጠቅማል፦ የጠባቂዎች ተራ በየጎጡ መውጣቱን፣ ስለ ማደሪያ ቦታ ወዲያው የሚነገረው ሰው መታወቁን፣ ያልፈነዳ ተተኳሽ የተጠረጠረባቸው ቦታዎች በምልክት መከለላቸውን።

ለአርሶ አደሩ የሚቀረው ደግሞ ጭቃው ነው። የክረምቱ ዝናብ ጋብ ሲልና ማሽላው ገና ራስ ሲያወጣ ድቡልቡሉ ተሠርቶ በጥላ መድረቅ አለበት። መንጋው ከመጣ በኋላ አፈር የሚያሽ ሰው ያገኘውን ለመወርወር ይገደዳል፤ ያገኘው ደግሞ ጠጠር ነው፤ ወይም ጠጠር የመሰለው ነገር ነው።